ስለ ገጸ ባሕርይ ጨዋታና ስለ ሕዝብ አስተያየት መለወጥ

ሕፃናት እቃቃ ሲጫወቱ ያየ ሰው በዚህ ጽሑፍ የምንናገርለትን ጨዋታ ግማሹን ያውቀዋል። አንዷ እናት፥ አንዱ አባት፥ ሌላው እንግዳ ይሆናል፤ አፈሩ ዱቄት፥ ቅጠሉ ጎመን ይባላል። ከመካከላቸው አፈሩን እውነተኛ ዱቄት ነው ብሎ የሚበላ የለም፤ ነገር ግን ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ዱቄት እንዲሆን ሁሉም ተስማምተዋል። ይህን የሕፃናት ስምምነት ወስደን ሕግና ቁጥር፥ ዳኛም ብንጨምርበት፥ ተጫዋቾቹም ወጣቶችና ጎልማሶች ቢሆኑ፥ በአሜሪካ አገር ከ1974 ጀምሮ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱትን የገጸ ባሕርይ ጨዋታ እናገኛለን።

ይህ ጨዋታ በሃምሳ ዓመት ዕድሜው ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ፍርዶች ተፈርደውበታል። በ1980ዎቹ ወጣቶችን ወደ አጋንንት አምልኮና ወደ ሞት ይመራል ተብሎ በቴሌቪዥን፥ በስብከትና በፍርድ ቤት ተከሰሰ። በ2024 ግን የአሜሪካ መንግሥት ፖስታ ቤት ሃምሳኛ ዓመቱን ለማክበር ሥዕሉ ያለበት ቴምብር አወጣለት። የጨዋታው ጠባይ በመሠረቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሕዝቡ አስተያየት ነው። የጽሑፋችንም ዓላማ ጨዋታውን ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ ሳይሆን፥ ያ ፍርሃት ከምን እንደ ተነሣ፥ በምንስ እንደ በረደ ለመመርመር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ጨዋታው ምን ዓይነት ነው?

ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከእነርሱ አንዱ ዳኛ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው በሐሳባቸው ፈጥረው ስሙን፥ ሙያውንና ጠባዩን በወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ አንዱ ወታደር፥ አንዱ ሌባ፥ አንዱ ካህን፥ አንዱ አስማተኛ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ጨዋታዎች የቀደመውና ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል፤ ስሙ በአማርኛ ሲፈታ «የምድር ቤት ወኅኒዎችና ዘንዶዎች» እንደ ማለት ነው። በዚህ ጨዋታ የተፈጠረው ሰው ችሎታ በስድስት ነገር ይለካል፤ ይኸውም በጉልበት፥ በቅልጥፍና፥ በጽናት፥ በአእምሮ፥ በማስተዋልና በሞገስ ነው።

ዳኛው «ከፊታችሁ የተዘጋ በር አለ፤ ከበስተኋላው ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። አንዱ «ጆሮዬን ከበሩ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ» ይላል፤ ሌላው «ገፍቼ እገባለሁ» ይላል። ነገሩ መሳካቱ ወይም አለመሳካቱ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ የሚባለው፥ በየገጹ ቁጥር የተጻፈበት የዕጣ ጠጠር ይጣላል። የሚጣለውም የተለመደው ባለ 6 ገጽ ብቻ ሳይሆን ባለ 4፥ ባለ 8፥ ባለ 12 እና ባለ 20 ገጽ ጭምር ነው። ዳኛው የወጣውን ቁጥር ከሕጉ ጋር አስተያይቶ ይፈርድና ከዚያ ተነሥቶ ታሪኩን ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ጨዋታው ከምናውቃቸው ከሌሎቹ የሚለይበትን ነገር ማመልከት አለብን። በገበጣ ጠጠሩ፥ በሰንጠረዥ ንጉሡና ፈረሱ በዓይን ይታያሉ፤ ቆሞ የሚመለከት ሰው ማን እየረታ እንደ ሆነ ይረዳል። በገጸ ባሕርይ ጨዋታ ግን የግድ ሰሌዳ አያስፈልግም፤ አሸናፊና ተሸናፊም የለም፤ አንድ ታሪክ በየሳምንቱ እየተቀጠለ ለወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ሊሄድ ይችላል። ዋናው መጫወቻ በተጫዋቾቹ አሳብ ውስጥ ስላለ ከውጭ ላለ ሰው አይታይም። ከበሩ ውጭ የቆመች እናት የምትሰማው ልጇና ጓደኞቹ ስለ አስማትና ስለ አጋንንት፥ ስለ መግደልና ስለ መሞት በጋለ ስሜት ሲነጋገሩ ብቻ ነው። አንባቢ ይህን ነጥብ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ከዚህ በታች የምንተርከው ፍርሃት በብዙው ከዚሁ የተነሣ ነውና።

የጨዋታው አመጣጥ

የጨዋታው አያት ጦርነት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ1824 ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን፥ አባቱ የጀመረውን ሥራ አሻሽሎ፥ መኮንኖች በካርታ ላይ የሚለማመዱበትን የጦርነት ጨዋታ ሕግ አሳተመ። በዚያም ጨዋታ ዕጣ ይጣል ነበር፤ የሁለቱን ወገኖች ትእዛዝ ተቀብሎ የሚፈርድ ዳኛም ነበረ። በ1913 ደግሞ ኤች. ጂ. ዌልስ የተባለው የታወቀው እንግሊዛዊ ደራሲ በትንንሽ የአሻንጉሊት ወታደሮች ስለሚደረግ ጦርነት መጽሐፍ ጻፈ። በዚህ መንገድ የመኮንኖች ልምምድ የነበረው ነገር የሲቪሎች መዝናኛ ሆነ።

ከዚህ ወደ ገጸ ባሕርይ ጨዋታ የተደረገው እርምጃ ትንሽ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ዴቪድ ዌስሊ የተባለ ወጣት ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የጦር ክፍል መስጠቱን ትቶ በአንድ ከተማ ውስጥ የሚኖር አንድ አንድ ሰው ይሰጠው ጀመር። ጓደኛው ዴቭ አርነሰን ይህንን አሳብ ወስዶ ዘንዶና ጠንቋይ ወዳለበት የተረት ዓለም አሻገረው። በዊስኮንሲን ግዛት ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖሩ የነበሩት ሚስተር ጌሪ ጋይጋክስ ደግሞ አሳቡን በሕግ መልክ ጻፉት። ሚስተር ጋይጋክስ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበሩ፤ ያን ሥራ በ1970 ካጡ በኋላ ጫማ በማደስ ይረዱ ነበር። በ1974 መጀመሪያ የወጣው የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር፤ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት በአንድ ሳጥን ውስጥ ሆነው በ10 ዶላር ይሸጡ ነበር፤ ሳጥኖቹም የሚሰናዱት በመኖሪያ ቤት ውስጥ በእጅ ነበር። በዚያን ጊዜ ስለ ጨዋታው የሚያስብ አልነበረም፤ ስለዚህ የሚፈራውም አልነበረም።

ፍርሃቱ እንዴት ተነሣ?

በነሐሴ ወር 1979 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ጠፋ። ልጁ በዚያ ዕድሜው ዩኒቨርሲቲ የገባው በትምህርቱ እጅግ ጎበዝ ስለ ነበረ ነው። ቤተ ሰቦቹ ዊሊያም ዲር የተባለ የግል መርማሪ ቀጠሩ። መርማሪው ልጁ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ይጫወት እንደ ነበር ሰማ፤ በዩኒቨርሲቲውም ግቢ ሥር የእንፋሎት ቧንቧ የሚያልፍባቸው መተላለፊያዎች እንዳሉ ዐወቀ፤ ሁለቱንም አገናኝቶ፥ ምናልባት ልጁ ጨዋታውን በእውነት በምድር ውስጥ ሲጫወት አንድ ነገር አግኝቶት ይሆናል የሚል ግምት ለጋዜጠኞች ተናገረ። ግምቱ በጋዜጦች ላይ ሲወጣ ከግምትነት ወደ ወሬ፥ ከወሬም ወደ እውነትነት ተለወጠ።

ልጁ አንድ ወር ያህል ከቆየ በኋላ ከሚሺጋን እጅግ ርቆ በሉዊዚያና ግዛት በሕይወት ተገኘ። ነገሩ ከጨዋታው ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ልጁ በብቸኝነትና በመንፈስ ጭንቀት ይሠቃይ ነበር፤ ትምህርቱም ከብዶበት ነበር። ወደዚያ መተላለፊያ በእርግጥ ገብቶ ነበር፤ የገባው ግን ለጨዋታ ሳይሆን ሕይወቱን ለመጨረስ አስቦ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ1980 ይኸው ልጅ ራሱን አጠፋ። መርማሪው የልጁን ምሥጢር ለመጠበቅ ቃል ገብቶ ስለ ነበር እውነቱን በመጽሐፍ ያወጣው በ1984 ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሐሰቱ የታተመው በ1979፥ እርማቱ የታተመው በ1984 ነው። በመካከል አምስት ዓመት አለ።

በእነዚህ አምስት ዓመታት ብዙ ነገር ተሠራ። በ1980 በዩታ ግዛት ሂበር በምትባል ከተማ፥ ጨዋታው በትምህርት ቤት ለጎበዝ ተማሪዎች እንዲሰጥ በተደረገ ጊዜ ወላጆች ተቃወሙ። በ1981 ሮና ጃፍ የተባሉት ደራሲ በእንደዚህ ያለ ጨዋታ ምክንያት እውነቱንና ምናቡን መለየት ስላቃተው ተማሪ ልብ ወለድ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1982 ይኸው ልብ ወለድ የቴሌቪዥን ፊልም ሆነ፤ ዋናውንም ሰው ሆኖ የሠራው በኋላ ስመ ጥር የሆነው ቶም ሃንክስ ነበር። ሕዝቡም ልብ ወለዱን እንደ ማስረጃ ተቀበለው።

በዚያው በ1982 በቨርጂኒያ ግዛት አንድ ወጣት ራሱን አጠፋ። እናቱ ልጃቸው ይጫወተው የነበረውን ጨዋታ ተጠያቂ አደረጉ፤ ጨዋታው በትምህርት ቤት ይደረግ ስለ ነበር የትምህርት ቤቱን ዲሬክተር ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ክሱን አልተቀበለም። በ1983 ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር አቋቋሙ፤ ለፖሊሶችና ለወላጆችም ንግግር ያደርጉ ነበር። በ1984 ጃክ ቺክ የተባለ አሳታሚ፥ ጨዋታው ልጆችን ወደ ጥንቆላ እንደሚያስገባ የሚናገር በሥዕል የተዘጋጀ ትንሽ የስብከት ጽሑፍ አወጣ። በ1985 ደግሞ «ስድሳ ደቂቃ» የተባለው ብዙ ሰው የሚያየው የቴሌቪዥን ዝግጅት እኚህን እናትና ሚስተር ጋይጋክስን አቅርቦ አነጋገረ። የሐዘን ፊትና የነጋዴ ፊት በአንድ ዝግጅት በቀረቡ ጊዜ ተመልካቹ ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል ለማወቅ አስቸጋሪ አይደለም።

በዚህ ላይ ዘመኑን መርሳት አይገባም። በ1980ዎቹ በአሜሪካ በሥውር ሰይጣንን የሚያመልኩ ሰዎች ሕፃናትን ያሠቃያሉ የሚል ትልቅ ፍርሃት ነበር። በካሊፎርኒያ ማክማርቲን በተባለ የሕፃናት መዋያ ላይ በ1983 የተነሣው ክስ እስከ 1990 ድረስ ሲጓተት ቆይቶ አንድ ሰው እንኳ ሳይፈረድበት ተዘጋ። እንግዲህ የጨዋታው ክስ ብቻውን አልበቀለም፤ የታረሰ መሬት አግኝቶ ነበር።

ነገር ግን ሃይማኖት ያላቸው ሁሉ በአንድ ወገን አልቆሙም። ከጨዋታው ታላላቅ ደራሲዎች አንዱ የሆነው ትሬሲ ሂክማን በሞርሞን እምነቱ የጸና ሰው ነው። ደግሞም በ1984 ድራጎንሬድ የተባለ፥ ተጫዋቾች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በቃላቸው እያጠኑ የሚጫወቱት የገጸ ባሕርይ ጨዋታ በክርስቲያኖች ተዘጋጅቶ ወጥቷል።

ክሱ ሲመረመር

ከሳሾቹ ያቀረቡት ማስረጃ በብዙው ይህን የመሰለ ነበር፤ «እገሌ ራሱን አጠፋ፤ እገሌ ጨዋታውን ይጫወት ነበር፤ ስለዚህ የገደለው ጨዋታው ነው።» ይህ አባባል ልብን ይነካል፤ በሒሳብ ሲመዘን ግን ይቀላል። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 24 ከሆኑ 100,000 ወጣቶች መካከል በየዓመቱ 12 ያህሉ ራሳቸውን ያጠፉ ነበር። ጨዋታውን የሚጫወቱት ወጣቶች 1,000,000 ብቻ ናቸው ብለን እናስብ። ጨዋታው ደግም ክፉም የማያደርግ ቢሆን እንኳ በዚህ ልክ ከእነርሱ መካከል በየዓመቱ 120 ያህሉ እንደሚሞቱ መጠበቅ ነበረብን። ከሳሾቹ ግን እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ የብዙ ዓመታቱን ሰብስበው ያቀረቧቸው ሞቶች ከአሥሮች የማያልፉ ነበሩ። እንግዲህ ከቁጥሩ ተነሥቶ ጨዋታው ይገድላል ለማለት አይቻልም። ማይክል ስታክፖል የተባለው የጨዋታ ደራሲ በ1990 ባወጣው ጽሑፍ የከሳሾቹን ማስረጃ በዚህ ዓይነት አንድ በአንድ መርምሯል። ከዚያም በፊት በ1987 የወጣ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት ተጫዋቾችን በፈተና መርምሮ፥ ብዙ በመጫወትና በስሜት አለመረጋጋት መካከል ግንኙነት አላገኘም።

በ1990 አንዲት የኬንታኪ ግዛት እናት በልጃቸው ሞት ምክንያት የጨዋታውን አሳታሚ ኩባንያ ከሰው የነበረው ጉዳይ በፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ታየ። ፍርድ ቤቱም ኩባንያው ለሞቱ ኃላፊ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ።

ይሁን እንጂ እነዚያን ወላጆች ማቃለል አይገባንም። ልጁን የቀበረ ሰው «ለምን?» ብሎ መጠየቁ ባሕርያዊ ነው። ለዚህም ጥያቄ «የማይታይ ሕመም ነበረበት፤ እኔም አላየሁለትም» ብሎ ከመመለስ «ይህ መጽሐፍ ገደለው» ማለት ይቀላል። ደግሞም ጥያቄያቸው ሁሉ ከንቱ አልነበረም። ጨዋታው ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ ትምህርቱን ያስረሳው ተማሪ አይታጣም፤ በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ላይም ለልጅ የማይገቡ ሥዕሎች ነበሩ። ልጆቼ ሌሊቱን ሙሉ ምን ያደርጋሉ ብሎ መጠየቅ የወላጅ ግዴታ ነው። ስሕተቱ የተጀመረው መልሱ ከምርመራው በቀደመ ጊዜ ነው።

እኛም ይህን ነገር ከሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አልተማርነውም። በተማርንበት የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ካርታ መጫወት የተከለከለ ነበር። አንድ የክፍላችን ጓደኛ በሣጥኑ ውስጥ ካርታ ተገኘበት፤ ትምህርቱም እየደከመ ስለ ነበር ሁላችንም፥ መምህራንም ተማሪዎችም፥ «ካርታው አበላሸው» አልን። ካርታው ተቃጠለ፤ ልጁም ተገሠጸ። ትምህርቱ ግን አልተሻሻለም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትምህርት ቤቱን ትቶ ሄደ። አባቱ በዚያ ዓመት መሞቱንና እናቱ ታናናሾቹን ማብላት ተስኗት እንደ ነበር የሰማነው ከሄደ በኋላ ነው። በአንድ መኝታ ክፍል እየተኛን ማናችንም አልጠየቅነውም። ካርታው በተገኘ ጊዜ ምክንያቱን ያገኘን መስሎን ነበርና ሌላ መፈለግ ተውን። ስለ ሚሺጋኑ ልጅ ስናነብ ወዲያው የታሰበን እርሱ ነው።

ሁሉም የራሱን ፍርሃት አየበት

የዚህን ጨዋታ ክሶች አንድ ላይ አሰልፎ የሚያይ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ከሳሽ በጨዋታው ውስጥ ያየው ቀድሞ የሚፈራውን ነገር መሆኑ ነው።

ሰባኪው ጥንቆላ እንዳየበት ከላይ ተናግረናል። በመጋቢት 1 ቀን 1990 ደግሞ በቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ የአሜሪካ ሲክሬት ሰርቪስ መርማሪዎች ስቲቭ ጃክሰን ጌምስ የተባለውን የጨዋታ አሳታሚ ቤት በረበሩ። የሚፈልጉት ከአንድ የቴሌፎን ኩባንያ የተሰረቀ ሰነድ ነበር፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሮቹን፥ ስለ ወደፊቱ የኮምፒዩተር ዓለም ይዘጋጅ የነበረውንም የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ረቂቅ ይዘው ሄዱ፤ ረቂቁም የኮምፒዩተር ወንጀል መምሪያ ነው ተባለ። ኩባንያው ከሰሰ፤ በ1993 የፌዴራል ፍርድ ቤት ለኩባንያው ፈርዶ 50,000 ዶላር ካሣ እንዲከፈለው አዘዘ።

በእስራኤል በ2005 የወጣ የጋዜጣ ዘገባ እንደ ገለጸው፥ የአገሩ ጦር ሠራዊት ጨዋታውን የሚጫወቱ ምልምሎችን ከእውነተኛው ዓለም የራቁና በሌላ ሰው በቀላሉ የሚመሩ ናቸው ብሎ ይጠረጥራቸው ነበር፤ ስለዚህም ምሥጢር ለመጠበቅ የሚሰጣቸውን የእምነት ደረጃ ዝቅ ያደርግ ነበር። በጨዋታው የትውልድ አገር በዊስኮንሲን ደግሞ በ2004 የዎፐን ወኅኒ ቤት ሹማምንት የአንድ እስረኛን የጨዋታ መጻሕፍትና በእጁ የጻፈውን 96 ገጽ ታሪክ ወሰዱበት። ጨዋታው አንድ አለቃ ስላለው እስረኞች እንደ ወንበዴ ቡድን እንዲደራጁ ያደርጋል የሚል ምክንያት ሰጡ። እስረኛው ከሰሰ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ2010 ለወኅኒ ቤቱ ፈረደ።

እንግዲህ ሰባኪው አጋንንት፥ ወንጀል መርማሪው የኮምፒዩተር ሌባ፥ ጦር ሠራዊቱ ምሥጢር አባካኝ፥ ወኅኒ ቤቱ የወንበዴ ቡድን አየበት። አንድ ጨዋታ ይህን ሁሉ ሊሆን አይችልም። የማይታይ ነገር እንደ መስተዋት ነው፤ የሚያሳየው የተመልካቹን ፊት ነው።

አስተያየቱ በምን ተለወጠ?

ከላይ የጠቀስናቸው ጥናቶችና ፍርዶች ሥራቸውን እንደ ሠሩ አይካድም። ነገር ግን ሕዝብ የፍርድ ቤት ውሳኔ አንብቦ አስተያየቱን ይለውጣል ማለት ያዳግታል። እኛ እንደሚመስለን የአስተያየቱ ለውጥ በሦስት ነገሮች የመጣ ነው።

መጀመሪያው የዕድሜ ነገር ነው። በ1982 የ12 ዓመት ልጅ የነበረ ተጫዋች በ2010 የ40 ዓመት ሰው ነው። ሐኪም፥ መምህር፥ ጋዜጠኛ፥ ወላጅ ሆኗል። ልጁ ዳይስ ይዞ ቢመጣ አይደነግጥም፤ እንዲያውም ሕጉን ያስተምረዋል። ከበሩ ውጭ የቆመው ወላጅ በፊት ከበሩ ውስጥ የነበረው ልጅ ሆነ።

ሁለተኛው ጨዋታው የሚታይ መሆኑ ነው። ከ2015 ጀምሮ ክሪቲካል ሮል በሚባለው ዝግጅት ተዋናዮች በካሜራ ፊት ተቀምጠው ለሰዓታት ሲጫወቱ ብዙ ሕዝብ ይመለከታቸዋል፤ በ2019 ታሪካቸውን የካርቱን ፊልም ለማድረግ ከተመልካቾቻቸው ከ11,000,000 ዶላር በላይ ሰብስበዋል። በ2016 የወጣው ስትሬንጀር ቲንግስ የተባለው ተከታታይ ፊልም ደግሞ በመጀመሪያው ክፍሉ አራት ልጆች በምድር ቤት ጠረጴዛ ከበው ሲጫወቱ ያሳያል፤ እነዚያም ልጆች የፊልሙ ጀግኖች እንጂ ጥፋተኞች አይደሉም። በ1985 ሰው በጭምጭምታ ይሰማው የነበረውን አሁን ቁጭ ብሎ ያየዋል፤ የሚያየውም ጓደኛሞች ሲሳሳቁ ነው።

ሦስተኛው ፍርሃቱ ወደ ሌላ መዛወሩ ነው። በ1999 በኮሎራዶ ግዛት በኮለምባይን ትምህርት ቤት ከደረሰው ግድያ በኋላ ክሱ በኮምፒዩተር በሚደረጉ የተኩስ ጨዋታዎች ላይ ወደቀ። በጠረጴዛ ዙሪያ ፊት ለፊት ተያይተው፥ እርሳስና ወረቀት ይዘው የሚጫወቱ ልጆች ከዚያ በኋላ የሚያስመሰግኑ ሆኑ። ዛሬም በአሜሪካ አንዳንድ የሥነ ልቦና ሐኪሞች ዐይነ አፋር ወጣቶች ከሌሎች ጋር መነጋገርን እንዲለማመዱ ጨዋታውን በቡድን ያጫውቷቸዋል።

የለውጡን መጠን በአንድ ትንሽ ምልክት መለካት ይቻላል። አሳታሚው ኩባንያ በ1989 አዲስ እትም ሲያወጣ የተቃውሞውን ኃይል በማየት አጋንንትና ሰይጣናት የሚሉትን ስሞች አስወጥቶ ነበር፤ በኋላም ፍጥረቶቹን ትርጉም በሌላቸው አዲስ ስሞች መለሳቸው። በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም የቀድሞዎቹ ስሞች ተመለሱ፤ እንደ ቀድሞውም ያለ ጩኸት አልተነሣም። ሚስተር ጋይጋክስ በ2008፥ ሚስተር አርነሰን በ2009 ሞቱ። ጨዋታው በ2016 በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ ባለው የጨዋታ ሙዚየም ከታላላቅ መጫወቻዎች ጋር ስሙ ተመዘገበ፤ በ2024ም በቴምብር ላይ ወጣ።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ጨዋታው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ትንሽ በሆነ ነበር። ዋናው ነገር ሌላ ነው። ያለ ጥፋቱ የተከሰሰ ሁሉ ከእርሱ በስተኋላ እውነተኛው ጥፋተኛ ይሸሸጋል። በ1980ዎቹ ስለ ጨዋታው የተደረገው ንግግር፥ የተጻፈው ጽሑፍና የጠፋው ገንዘብ የወጣቶችን ብቸኝነትና የመንፈስ ጭንቀት ለመመርመር ውሎ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ልጆችን ባተረፈ ነበር። የሚሺጋኑ ልጅ በ1979 በሕይወት ተገኝቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ስለ እርሱ ይናገር ነበር፤ የሚናገረው ግን ስለ መተላለፊያውና ስለ ዘንዶው ነበር። ልጁ ከዚያ በኋላ የኖረው አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን ሩቅ አይደለም። በየጊዜው አዲስ መጫወቻ፥ አዲስ ፊልም፥ አዲስ ልማድ ይመጣል፤ ባየነው ጊዜ መጠራጠራችን አይቀርም፤ መጠራጠርም ክፉ አይደለም። ነገር ግን ከመፍረዳችን በፊት ሁለት ነገር እናድርግ። ስንት ሰው ይህን እንደሚያደርግና ከእነርሱ ስንቱ እንደ ተጎዳ እንቍጠር፤ ደግሞም ከበሩ ውጭ መቆማችንን ትተን ገብተን እንይ። ከመካከላችንም አንድ ጓደኛ ዝም ሲል፥ ከክፍልም ሲጠፋ፥ ምን ሲጫወት ነበር ብለን ከመጠየቃችን በፊት ምን ያስጨንቀው ነበር ብለን እንጠይቅ፤ የሚሻለው ግን ራሱን ሄደን መጠየቁ ነው።